«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ካልን በኋላ፦ በሰው አገር ስለምታረግዝ እናት ጭንቀት

(በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በአንድ ነጋዴ አባል የተደረገ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ንግድ፣ ስለ ጉምሩክ ወይም ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ይናገራል ብሎ አስቦ ነበር መሰለኝ። ባለሱቅ ሌላ ምን ያወራል? ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ጭንቀት ልናገር ነው ብዬ ርእሱን ሳሳውቅ አንዱ የኮሚቴ አባል «ጋሼ፣ ይሄማ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ለሴቶች ክፍል እንተወው» አለኝ። የሴቶች ክፍል ነገሩን ከእኔ አብልጦ እንደሚያውቀው ጥርጥር የለኝም። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩበት ኖረዋል። ሊሰማው የሚገባው ወንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቻችሁ አባወራዎች ከፊት ወንበር ስለተቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል፤ መውጫው በር ከዚያ ሩቅ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርሁት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትምህርቴ ከባንኮኒ ጀርባ የተገኘ ነው። ሱቄ ከነፃ የንግድ ቀጠናው ወጣ ብሎ፣ ሾፌሩም፣ ትራንዚተሩም፣ የመጋዘን ሠራተኛውም፣ ምግብ የሚያበስሉት እህቶቻችንም በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ከአራት ልጆቼ ሁለቱ ድሬዳዋ፣ ሁለቱ እዚህ ጅቡቲ ተወልደዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት እርግዝና በቤቴ አይቻለሁ። ሕክምናን የሚመለከተውን ክፍል አዋላጅ ነርስ የሆነች አንዲት የአገራችን ልጅ አንብባልኛለች።

ባለሱቅ የሴትን መፀነስ ከባሏ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ትናንት በርበሬና ሽሮ ትገዛ የነበረች ልጅ ዛሬ ሎሚና ሮቃ ትጠይቃለች። የቅመሙ ሽታ ሲያስመልሳት ከበር ላይ ቆማ «እዚህ ድረስ አምጣልኝ» ትላለች። አምሮት ነው፤ ክፋት የለውም። አንዳንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በረዶ መቆርጠም ወይም አፈር መብላት እንዳማራት ትናገራለች። በዚህ የሚስቁ አሉ። አዋላጆች ግን አፈርና በረዶ ማማር ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ስለሚታይ ደሟን ትመርመር ይላሉ። ደም ማነስ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ ያደክማል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። እንግዲህ «ጭንቀት ነው» ብለን ከምናልፈው አንዳንዱ በብረት እንክብል የሚስተካከል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሌላዋ ግን የምትመጣው ልትገዛ አይደለም። አንድ ሳሙና ይዛ ግማሽ ሰዓት ትቆማለች። «ጋሼ፣ ዛሬ ሙቀቱ አልባሰም?» ትለኛለች። አልባሰም፤ እንደ ትናንቱ ነው። የፈለገችው በአማርኛ የሚያናግራት ሰው ነው። ባሏ ጭነት ይዞ በጋላፊ በኩል ከወጣ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፣ ነገር ግን የሚያወሩት በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው። እናቷ ያለችው ደሴ ነው፣ ወይም ጎንደር፣ ወይም አዳማ። ይችን ሴት ነው ዛሬ እንድናስባት የምፈልገው።

አገር ቤት ብትሆን ምን ይጠብቃት እንደነበር አስታውሱ። በብዙ አካባቢ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ልጅቱ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ባል ይሸኛታል፣ ወልዳ እስክትነሣ ይጠብቃል። ምጡ ሲመጣ ሴቶቹ ከበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ በእስላሙ ቤት ዱዓው ይደረጋል። ከተገላገለች በኋላ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአራስ ጠያቂው፣ እልልታው አለ። ይህን ሁሉ ወግ ብለን እንጠራዋለን፤ እኔ ሳየው ግን ወግ ብቻ አይደለም። ጭንቀትን ለብዙ ሰው ማከፋፈያ መንገድ ነው። አክስት አንዱን ትሸከማለች፣ ጎረቤት አንዱን፣ እናት ትልቁን። እዚህ ጅቡቲ ስንመጣ ሸክሙ ያው ነው፤ የተሸካሚው ቁጥር ግን አንድ ሆነ።

ፍርሃቱም ከምንም የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ስለ ነፍሰ ጡር ሴት «አንድ እግሯ መቃብር ላይ ነው» ይሉ የነበረው አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቶ ነበር። በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ይህ ቁጥር 412 ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው፤ ነገር ግን በ16 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። ይህን ለምትፈራ እህት መንገር ተገቢ ነው። «አትፍሪ» ከማለት «እናትሽ በወለደችበት ዘመን የነበረው አደጋ ዛሬ የለም፣ ምክንያቱም ክትትልና ሐኪም አለ» ማለት ይሻላል።

ስለ ጭንቀቱ ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ልጥቀስ። በዓለም ዙሪያ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 ያህሉ በተለይ እንደ ድባቴ ባለ የአእምሮ ሕመም ይጠቃሉ። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በእርግዝና ጊዜ ወደ 16፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 20። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን እናቶች ቆጥራችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

በእኛም አገር ተጠንቷል። ቡታጅራ አካባቢ፣ በጉራጌ ምድር፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን ያሉባቸው ተመራማሪዎች 1,065 ነፍሰ ጡር ሴቶችን ከእርግዝና እስከ ወሊድ ተከታትለው ውጤቱን በ2009 አሳትመዋል። ጭንቀትና ሐዘን የበዛባቸው እናቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመርዘም ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው ነበር። በልጁ ክብደት ላይ ግን ልዩነት አላገኙም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሆን ብዬ ነው የምናገረው። እህቶቻችን «ተጨንቄ ልጄን ጎዳሁት» እያሉ በጭንቀት ላይ ሌላ ጭንቀት ይጨምራሉ። የምትጨነቅ እናት ሁሉ የታመመ ልጅ አትወልድም። መታየት ያለበት ጭንቀቱ እሷን ሲጥላት ነው።

አሁን ወደ ጅቡቲ ልመለስ። እዚህ ጭንቀቱን የሚያከብዱት የራሳችን ጓዞች አሉ።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። የከምሲን ነፋስ ሲነሣ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ነፍሰ ጡር ሴት ሰውነቷ በራሱ ይሞቃል። በላዩ መብራት ሲጠፋ አድናቂው (ቫንቲላተሩ ማለቴ ነው፤ ልጆቼ እንደዚህ እያሉ ይቀልዱብኛል) ይቆማል፣ እንቅልፍም ይቀራል። ከ2011 ጀምሮ መብራቱ የሚመጣው ከእኛው አገር ነው፤ ግን ጠፋ ብሎ የምንቆጣው እዚሁ ሆነን ነው። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው፣ እርጉዝ ባይሆንም፣ ጥላውን ይፈራል። ስለዚህ እንቅልፍ እንደ ቅንጦት አይቆጠር። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ በእርጥብ ነጠላ ሰውነትን ማቀዝቀዝ፣ ቀትር ላይ መንገድ አለመውጣት፣ ከሰዓት በኋላ አረፍ ማለት፣ ማታ ነፋሻማ ሲሆን ወደ ሲየስታ ባሕር ዳር ወጥቶ መንሸራሸር፤ እነዚህ ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም። ባል ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ባሕር ዳር ሲሄድ የሚስቁ ጓደኞች ካሉት እነሱንም ይዟቸው ይሂድ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ሕክምናው በፈረንሳይኛ ነው የሚሠራው። ካርኔውን ይሰጧታል፣ ራንዴቩ ይይዙላታል፣ ለኤኮግራፊ ይልኳታል፤ የተጻፈውን ግን ማንበብ አትችልም። አንዲት ደንበኛዬ ለብዙ ቀን ሳትተኛ ከርማ አንድ ቀን ካርኔዋን አውጥታ «ጋሼ፣ ይቺ ቃል ምንድን ነች?» አለችኝ። «ኖርማል» ይላል። ደህና ነው ማለት ነው። ለብዙ ቀን ያሳጣት እንቅልፍ ይህ ነበር።

ስለዚህ ከአዋላጇ ጋር ሆነን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች መርጠናል፤ እባካችሁ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ገልብጡላቸው። «ዤ ማል ኢሲ» እዚህ ጋ ያመኛል ማለት ነው። «ዠ ሴኝ» ደም ይፈሰኛል። «ለ ቤቤ ን ቡዥ ፓ» ልጁ አይንቀሳቀስም። «ዠ ን ዶር ፓ» እንቅልፍ አይወስደኝም። አምስተኛዋ «ዤ ፐር» ናት፤ ፈርቻለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን አንዳንዶች ለሐኪም የምትነገር ነገር አትመስላቸውም። ትነገራለች። ዳር ኤል ሐናንም ይሁን ፔልቲዬ፣ ባልባላም ይሁን የግል ክሊኒክ፣ ሳዥ ፋሟ ካልተነገራት አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን መክሯል። ከስምንቱ ጊዜ በአንዱ እንኳ «ፈርቻለሁ» ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚያጋጥመን እንቅፋት አለ። ብዙዎቻችን ዓይን እንዳይበላ፣ ወሬ እንዳይበዛ ብለን እርግዝናን እስኪታይ ድረስ እንደብቃለን፤ የልጅ ልብስም ቀድሞ አይገዛም። ልብሱን ሳይገዙ መጠበቁን አልቃወምም፤ እኔም የልጅ ልብስ እሸጣለሁና ንግዴን የሚጎዳ ቢሆንም ወጉን አከብራለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማስመለሱም፣ ፍርሃቱም የሚበረታበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለማንም ሳይነገር ሲቀር ሴቲቱ ብቻዋን ትቀራለች፣ ክትትሉም ይዘገያል። ለመንደሩ አይነገር። ለአንዲት ታማኝ ሴትና ለሐኪም ይነገር።

ሦስተኛው ጉዳይ መርዶ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በባህላችን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መርዶ አይነገርም። አባቷ ቢሞት እንኳ ዘመድ ሁሉ ተማክሮ ይደብቃታል፤ ወልዳ ስትጠነክር፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ይነግሯታል። ጥበብ አለበት። ዱሮ ይቻልም ነበር፤ ደብዳቤው በእኛ እጅ ያልፋል፣ ስልኩም የሚደወለው ከእኛ ሱቅ ነበር። ዛሬ ግን መርዶ ነጋሪው ኪሷ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የወንድሟን ሞት ያወቀችው በፌስቡክ፣ የማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ከለጠፈው ፎቶግራፍ ነው። ሌሊት፣ ብቻዋን፣ ባሏ መንገድ ላይ እያለ። ዘመዶቿ ግን ለሁለት ሳምንት ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ በየቀኑ ስትደውል «ደህና ነው» ይሏት ነበር። ኋላ የነገረችኝ ከሐዘኑ ይልቅ ይህ ነው የሰበራት። «ከዚያ ወዲህ እናቴ ደህና ናት ሲሉኝም አላምናቸውም» አለች። ቀሪዎቹን ሁለት ወራት ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ኔትወርክ በተቋረጠባቸው አካባቢዎች ወላጅ የነበራቸው እህቶቻችን ደግሞ በተቃራኒው ምንም ሳይሰሙ ወራት ያሳለፉ አሉ። ከዚያም ወዲህ ክፉ ወሬ አልጠፋም። ለምትሰማው ጭንቀት ነው፤ ለማትሰማውም ጭንቀት ነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ሽማግሌዎች ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ። ወሬው በስልክ ሊደርሳት የማይችል ከሆነ ወጉ ይጠበቅ። ሊደርሳት የሚችል ከሆነ ግን ቀድመን እኛው እንንገራት፤ ወጉ እንደሚለው በማለዳ፣ የምትወዳት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ባሏ ባለበት፣ የሚጠጣ ውኃ ቀርቦ፣ ከተቻለም አዋላጅ በአቅራቢያ ኖራ። ከዚያም ለቅሶዋን እናልቅስላት። አልቅሳ ባልወጣላት ሐዘን ላይ ነው ብዙ ጊዜ ጭንቀቱ የሚሠፍረው። የጦርነት ምስል የሚበዛበትን ስልክ ግን ለሊት ከመኝታ ቤት ማውጣት ይቻላል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ በሚታመን ሰው በኩል የቤተሰብን ደህንነት መጠየቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣትን ስልክ ላይ ከማንሸራተት ይሻላል።

አራተኛው «የት ልውለድ?» የሚለው ነው። ሚስቴ ለሁለቱ ልጆቻችን ድሬዳዋ ስትሄድ ያኔ በድሮው ባቡር ነበር። ዛሬ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከነጋድ ተነሥቶ በአሊ ሳቢህና በደወሌ በኩል ያደርሳል። መሄድ ጥሩ ነው፤ እናት አለች፣ አየሩ ይሻላል። ጭንቀቱ የሚመጣው ውሳኔው ሲንጠለጠል ነው። እስከ ስምንተኛ ወር «እናያለን» እየተባለ ይቆይና፣ አውሮፕላን ስትሉ አብዛኛው አየር መንገድ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ አይወስድም፤ በመኪና ስትሉ መንገዱ ያንገላታል። በ2020 ኮሮና ድንበር ሲዘጋ ያልተወሰነላቸው ብዙ ሴቶች እዚህ ቀሩ። ውሳኔው በአምስተኛው ወር ይቆረጥ፤ እዚህም ይሁን እዚያ። የምትሄድም ከሆነ ካርኔዋን ይዛ ትሂድ፤ እዚያ ያለው ሐኪም ከመጀመሪያው እንዳይጀምር።

አሁን ወደ ባሎች ልምጣ።

እኛ ሚስት ስትጨነቅ የምናውቃት ቃል አንድ ናት፤ «አይዞሽ»። መልካም ቃል ናት። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባት ወሬውን ለመዝጋት ነው። «አይዞሽ» ብለን ፊታችንን ወደ ቴሌቪዥን እናዞራለን። እስቲ ከ«አይዞሽ» በፊት «ምንድን ነው ያስፈራሽ?» በሏት፤ ከዚያ ዝም በሉ። ለሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ለነጋዴ ከባድ ነው፤ ለሾፌር ይቀላል መሰለኝ።

እኔ የዱቤ መዝገብ አለኝ። በዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር፣ ሰውን ሌሊት የሚያስነቃው የተጻፈ ዕዳ አይደለም፤ ያልተጻፈው ነው። ምን ያህል እንዳለበት የማያውቅ ሰው ሁሉ ያለበት ይመስለዋል። የነፍሰ ጡር ፍርሃትም እንደዚሁ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ይሻላል። «ሌሊት ምጥ ቢይዘኝ አንተም ጋላፊ ብትሆን?» ካለች፣ የሚያደርሳት መኪና ያለው ሰው ስምና ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። «ገንዘቡ ባይበቃስ?» ካለች ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፤ ጎደሎውን ማወቅ አለማወቅን ይበልጣል። «ፈረንሳይኛ አልችልም» ካለች አብራት የምትገባ ሴት ትፈለግ። «እሞታለሁ» ካለች ይህን አታቃልሉባት፤ ለአዋላጇ ንገሩ፣ የማዋለጃ ክፍሉን አስቀድማ እንድታየው ጠይቁላት። ያላዩት ክፍል ካዩት ክፍል ይልቅ ያስፈራል።

በእጇ ያለም ነገር አላት። ልቧ ሲመታ ቁጭ ብላ፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠረች ወደ ውስጥ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረች ቀስ ብላ ወደ ውጭ፣ ለጥቂት ደቂቃ ትተንፍስ። ጸሎት የምታውቅ ሴት ጸሎቷን በዚያው ምት ብትል አዋላጆቹ አይቃወሙም። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ለእሷ አይሁን፤ ቡና ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። ለብቸኝነት መድኃኒት የሆነው ቡናው ሳይሆን አብረው የሚጠጡት ሰዎች ናቸውና እሷ አንድ ስኒ ይዛ ትቀመጥ። ጫት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አይወሰድ። ኮሶና ጨምቆ የሚጠጣ ጤና አዳም ለጽንሱ አደገኛ ናቸው፤ ማንም አሮጊት ብትመክር እሺ አይባል። ጾምን በተመለከተ በሁለቱም እምነቶቻችን ለነፍሰ ጡር የተፈቀደላት ነገር አለ፤ ከንስሐ አባቷ ወይም ከሼኹ ጋር ተነጋግራ ትወስን እንጂ በጸጸት አትሰቃይ።

ተራ ጭንቀት ይመጣል፣ ይሄዳል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ደክሟትም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ደስታ ካልሰጣት፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣባት፣ ይህ የእምነት ማነስ ወይም የባሕርይ ነገር አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። «ባልኖርስ» ካለች ብቻዋን አትተዋትም፤ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ትሄዳለች።

በተቃራኒው ደግሞ ጭንቀት ብላችሁ ፈጽሞ የማታልፏቸው አሉ። ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ መንፈራገጥ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ይህ ሲሆን ውኃ አፍሉ፣ አክስትን ጥሩ የለም፤ መኪና ነው የሚጠራው።

ሰዎች «እኛ ያልተማርን ምን ልንረዳ እንችላለን?» ይላሉ። በፓኪስታን ገጠር፣ በራዋልፒንዲ አካባቢ፣ አብዛኞቹ እንደ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የተማሩ የመንደር የጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያነጋግሩ ነበር። ከመውለጃው በፊት ባለው የመጨረሻ ወር በየሳምንቱ፣ ከወሊድ በኋላም እየተራራቀ፣ በጠቅላላው 16 ጊዜ። ስለራሷ ጤና፣ ስለ ልጁ፣ በዙሪያዋ ስላሉ ሰዎች ያነጋግሯታል። በ2008 የታተመው ውጤት ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው በድባቴ ላይ የቀሩት በዚህ መንገድ ከተጎበኙት ውስጥ ከ100 23 ሲሆኑ፣ ካልተሠለጠኑ ሠራተኞች ተራ ጉብኝት ካገኙት ውስጥ 53 ነበሩ። በአገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን በየወሩ ሰብስበው ያወያያሉ፤ የእናቶች ማቆያ ባላቸው ጤና ጣቢያዎችም ገንፎና ቡና እየተዘጋጀ እናቶቹ ቀናቸውን አብረው ይጠብቃሉ። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ማቆያ የጀመረው በ1976 ነው።

እኛም ከሴቶች ክፍል ጋር ተነጋግረን ሦስት ነገር ለመጀመር ተስማምተናል። በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ቡና ይኖራል፤ ወንድ አይገባም፣ ቡናና ስኳሩን ግን ወንዶች ያዋጣሉ፤ የመጀመሪያውን ሦስት ወር እኔ እችላለሁ። ፈረንሳይኛ የሚችሉ ሴቶች ወደ ክሊኒክ አብረው ለመግባት ስማቸውን ይሰጣሉ፤ እስካሁን አምስት ተመዝግበዋል፣ በትምህርት ቤት ያሉ ትልልቅ ልጃገረዶቻችንም ካርኔ በማንበብ መርዳት ይችላሉ። ሌሊት የሚደወልላቸው መኪና ያላቸው ሰዎች ዝርዝርም ይዘጋጃል። በዚህ ዝርዝር ላይ እስከ ዛሬ ጠዋት የነበሩት ሦስት ስሞች ናቸው፤ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከሦስት እንደምትበልጡ ከውጭ ቆሞ ያየሁት ይመሰክራል። ወረቀቱ በመውጫው በር ግራ፣ ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አለ፤ እስክሪብቶም አብሮ አስቀምጫለሁ።